ሙኸር ከማን ወገን ነው? የጉራጌ ቋንቋዎች አመዳደብ ሙግት ሲዳሰስ

በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አድርጎ ወደ መርካቶ የሚዘልቅ ሰው በአማርኛው መሃል ሌላ ንግግር ሲሰማ ብዙውን ጊዜ በአንድ ስም «ጉራጊኛ» ብሎ ያልፈዋል። ለገበያ ወሬ ስሙ ይበቃል። ተናጋሪዎቹ ግን ነገሩን ከዚህ በተሻለ ያውቁታል። የሰባት ቤቱ፣ የክስታኔው፣ የመስቃኑና የስልጤው ነጋዴ ጎን ለጎን ሱቅ ከፍተው፣ አብረው ዕቁብ ጥለው፣ ለቅሶም ሆነ ሠርግ አብረው ውለው፣ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በአብዛኛው በአማርኛ ነው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ የጉራጌ ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት ለየብቻ ቃላቸውን የዘረዘረላቸው 12 ናቸው፦ ቸሃ፣ እዣ፣ እነሞር፣ እንደጋኝ፣ ጌቶ፣ ሙኸር፣ መስቃን፣ ጎጎት፣ ሶዶ፣ ስልጢ፣ ወለኔና ዝዋይ። እነዚህ የአንድ ቋንቋ ዘዬዎች ናቸው ወይስ ልዩ ልዩ ቋንቋዎች? ቋንቋዎች ከሆኑስ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ወይስ በጉርብትና የተመሳሰሉ? የቋንቋ ሊቃውንት በዚህ ላይ ሲከራከሩ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸዋል። ከ12ቱ መሃል ሙኸር ደግሞ ክርክሩ በጣም የሚከርበት ቦታ ላይ ተቀምጧል፤ አንዱ ከምዕራቦቹ፣ ሌላው ከሰሜኖቹ ጋር ሲያስጠጋው ኖሯል። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ይህ ነው፤ በላይኛው ደረጃ፣ ማለትም ስልጤንና ዘመዶቹን ከቀሩት በሚለየው መስመር ላይ፣ የዘር ሐረግ ሥዕል ማስረጃ አለው፤ ከዚያ ወረድ ሲባል፣ ሙኸር ባለበት ሰፈር፣ ቅርንጫፍ እየለዩ መሳል ራሱ ማስረጃውን ያዛባል።

ድልድዩ የተሰየመላቸው ሰው ታሪክ አስቀድሞ አንድ ነገር ለይቶ ለማስቀመጥ ይረዳል። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሚኒስትሮች ሹመት ሲሰጥ የጦር ሚኒስትር ሆነው እስከ ዕረፍታቸው 1919 ዓ.ም. የዘለቁት፣ የጨቦ ሰው ናቸው። ጨቦ ኦሮሞና ጉራጌ የሚጎራበቱበት፣ የሚጋቡበትና የሚቀላቀሉበት አገር በመሆኑ አንዱ ጸሐፊ ኦሮሞ፣ ሌላው ጉራጌ ይላቸዋል። ሰው ሁለት ወገን ሊኖረው፣ በሁለት ቋንቋም አፉን ሊፈታ ይችላል። የቋንቋ ሰዋስው ግን ከየት እንደ ወረደ የራሱ ምልክት አለው፤ ምልክቱም የተናጋሪውን የትውልድ ሐረግ አይነግረንም። የጉራጌን ጉዳይ ብዙ ጊዜ ያወሳሰበው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ማደባለቅ ነው።

የጥናቱ ታሪክ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ማርሴል ኮሄን እ.ኤ.አ. በ1931 የደቡብ ኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎችን ጥናት በፈረንሳይኛ አወጣ፤ ፖሎትስኪ በ1938 የጉራጌን ሰዋስው በጥልቀት ፈተሸ፤ ከዚያ በኋላ ሌስላው መጣ። ሌስላው እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ኢትዮጵያ እየተመላለሰ ከተናጋሪዎች አፍ በመሰብሰብ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው፤ ያለ እሱ መዛግብት ከዚህ በታች የምንከራከርበት አብዛኛው ነገር አይኖርም ነበር። እሱ ጉራጌን ምሥራቅ፣ ምዕራብና ሰሜን ብሎ ከፈለ። ምሥራቁ ስልጢ፣ ወለኔና ዝዋይ (ዛይ)፤ ምዕራቡ ቸሃ፣ እዣ፣ እነሞር፣ እንደጋኝና ጌቶ፤ ሰሜኑ ዛሬ ክስታኔ የምንለው ሶዶ ነው። ሙኸርን፣ መስቃንንና ጎጎትን ወደ ምዕራቡ ያስጠጋቸው ነበር። ክፍፍሉ ከካርታው ጋር ይስማማል፤ ለጉዳዩ አዲስ የሆነ ሰው አገሩን እንዲያውቀው ጥሩ መንገድ ነው። ነገር ግን «ጉራጌ» የሚለውን ጥላ እንዳለ ተቀብሎ ከሥሩ ነው የሚከፍለው። ጥላው ራሱ አንድ ቤተሰብ መሆኑን ማን አረጋገጠ?

ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ያነሣው ሮበርት ሄትስሮን ነው። በቡዳፔስት ተወልዶ በኋላ አሜሪካ ያስተማረው ይህ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች አመዳደብ ጥናት ጉራጌ የሚባል ቅርንጫፍ የለም አለ። በእሱ አመዳደብ የደቡብ ኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎች ሁለት ክንፍ አላቸው። በአንደኛው ክንፍ አማርኛና አርጎብኛ፣ ከእነሱም ጋር ሐረሪና የምሥራቅ ጉራጌ ቋንቋዎች፣ ማለትም ስልጥኛ፣ ወለኔኛና ዛይኛ ይገኛሉ። በሁለተኛው ክንፍ የቀሩት የጉራጌ ቋንቋዎችና ከአባይ ማዶ በጎጃም ይነገር የነበረው ጋፋትኛ ናቸው። በዚህ መሠረት ስልጥኛ ከቸሃ ይልቅ ለሐረር ቋንቋ ይቀርባል፤ ክስታንኛ ደግሞ ከጎረቤቱ ከስልጤ ይልቅ ጎጃም ውስጥ ለጠፋው ጋፋት ይቀርባል። ለአዲስ አበባ ጆሮ እንግዳ የሚመስለው ይህ አባባል ከጀርባው ተጨባጭ ማስረጃ አለው።

ማስረጃውን ለአማርኛ አንባቢ በቅርብ ማሳየት ይቻላል። አማርኛ በዋና ዐረፍተ ነገር «ይሰብራል» ይላል፤ በበታች ሐረግ ግን «ሲሰብር» እንጂ «ሲሰብራል» አይልም። መጨረሻ ላይ ያለችው ጭራ «አለ» የተባለው ግሥ ነች፤ በዋናው ግሥ ላይ ተጣብቃ የቀረች። ሐረሪም ስልጥኛም ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ዋናው ግሥ ከ«አለ» የመጣ ጭራ ይዞ ይወጣል። ቸሃ ግን ጭራውን አያውቀውም፤ የዛሬው ግሡ እንደ አማርኛው «ይሰብር» ባዶውን ይቆማል። በሌላ በኩል ቤትን ስልጥኛና ሐረሪ ሁለቱም «ጋር» ይሉታል። ቸሃ እንደ አማርኛ «ቤት» ይላል፤ ቤት የሚለው ቃል በዐረብኛም በዕብራይስጥም ያለ፣ ከጥንቱ ሴማዊ የወረደ ነው። ቸሃና አማርኛ ጥንታዊውን ቃል አብረው ስለ ጠበቁ ብቻ ለይቶ የሚያዛምዳቸው ነገር የለም፤ ዕቃው የሁሉም አያት ነበርና። ስልጤና ሐረር ግን ጥንታዊውን ትተው አንድ ዓይነት አዲስ ቃል ይዘዋል። ዝምድና የሚመሰክረው አብሮ መለወጥ እንጂ አብሮ መጠበቅ አይደለም፤ ሄትስሮንም ከመዝገበ ቃላት ቆጠራ ይልቅ በግሥ እርባታ ላይ የጋራ ለውጥ መፈለጉ ከዚህ የመነጨ ነው። ቃል ከገበያ ይገዛል፤ የግሥ እርባታ ግን እምብዛም አይገዛም።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጠንካራው ተቃውሞ የጌዴዎን ጎልደንበርግ ነው። በ1977 ባወጣው ሰፊ ሒስ ሄትስሮን በጥቂት ምልክቶች ላይ ትልቅ ግንብ ሠርቷል፤ ተመሳሳይ ለውጥ በየቋንቋው ለብቻው ሊፈጠር ይችላል ሲል ተከራከረ። ተቃውሞው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ለምሳሌ ትግርኛም በመካሄድ ላይ ላለ ድርጊት «ይሰብር ኣሎ» ይላል፤ ማንም ግን በዚህ ብቻ ትግርኛን ከአማርኛ ጋር በአንድ ክንፍ አያስቀምጥም። «አለ»ን ከግሥ ጋር ማጣመር እንግዲህ ማንኛውም የኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋ በራሱ ሊደርስበት የሚችል መንገድ ነው። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በትግርኛ ጥምረቱ ለተለየ ፍቺ የሚያገለግል ምርጫ ሲሆን፣ በአማርኛ፣ በሐረሪና በስልጥኛ ግን ለአሁንና ለወደፊት ጊዜ አዎንታዊ ዋና ግሥ ግዴታ ሆኖ ሥርዐቱን በሙሉ ለውጦታል። ሁለተኛ፣ ስልጤና ሐረርን የሚያገናኘው ጭራው ብቻ አይደለም፤ እንደ «ጋር» ያሉ መሠረታዊ ቃላትም ይደገፉበታል። ይህን ከአማርኛ የተወሰደ ተጽዕኖ ነው ማለትም አያዋጣም፤ ሐረር በምኒልክ እጅ የገባችው በ1879 ዓ.ም. ሲሆን የሐረር ቋንቋ ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ሥነ ጽሑፍ አለው። «ጋር»ን ደግሞ ለቤት የሚጠቀም አማርኛ የለም። ስለዚህ የላይኛው መስመር ይቆማል ብዬ አምናለሁ። የጎልደንበርግ ሒስ ዋጋ የሚኖረው ከዚያ በታች ስንወርድ ነው፤ እዚያ ትክክል ሆኖ የሚገኘው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሙኸር። ሙኸር በማኅበራዊ ኑሮ የሰባት ቤት ወገን ነው፤ በየጆካ ቂጫ፣ ማለትም በሰባት ቤት የባህል ሕግ፣ ይዳኛል፤ እዣና ቸሃ ጎረቤቶቹ ናቸው። ቋንቋው ግን በሁለት አቅጣጫ ይመለከታል። አማርኛ «ሰበረ» ሲል «በ»ን ያጠብቃል። ክስታንኛም እንደዚሁ ያጠብቃል፤ ሙኸርም። እዣ ላይ ስንደርስ ማጥበቁ አለ፣ ድምፁ ግን ተለውጦ «ሰፐረ» ሆኗል፤ «ፐ» ጠብቆ። ቸሃ ላይ ደግሞ «ፐ» አለች፣ ማጥበቁ ግን ጠፍቷል፤ «ሰፐረ» ላልቶ ይነገራል። ሙኸርን፣ እዣንና ቸሃን በመንገዱ ተራ አሰልፎ የሚያዳምጥ ሰው አንድ ለውጥ በሦስት እርምጃ ከሰሜን ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ይሰማዋል። እዣን ከሙኸር ጋር እናስቀምጠው? ማጥበቁን ከቆጠርን አዎ። ከቸሃ ጋር? የድምፁን መለወጥ ከቆጠርን እንዲሁ አዎ። ቋንቋው ራሱ የሰጠን መልስ መሃል ላይ መሆኑን ብቻ ነው።

ሌላው የሙኸር ምልክት የዋና ግሥ መዝጊያ ነው። በክስታንኛ፣ በጎጎት (ተናጋሪዎቹ ዛሬ ዶቢ የሚሉት) እና በሙኸር የዋና ዐረፍተ ነገር ግሥ መጨረሻው ላይ የተለየች ምልክት ይይዛል፤ በበታች ሐረግ ላይ አትታይም። ሄትስሮን በ1968 ይህን ሲገልጽ ሦስቱን በአንድነት የሰሜን ጉራጌ አላቸው። በኋላ ግን በ1977 ስለ ጉነን ጉራጌ፣ ማለትም ከምሥራቆቹ ውጪ ስላሉት የጉራጌ ቋንቋዎች ባወጣው መጽሐፍ ክስታኔንና ጎጎትን ከጋፋት ጋር በአንድ ቡድን ካደረገ በኋላ ሙኸርን አውጥቶ ከመስቃንና ከምዕራቦቹ ጋር ደመረው። ምክንያቱ በራሱ መመዘኛ ትክክል ነው፤ መዝጊያው ምልክት የጥንት ቅርስ እንጂ የጋራ ለውጥ አይደለም፣ ምዕራቦቹም ቀድሞ የነበራቸውን ጣሉት ይላል። አንድ ቋንቋ ቅርሱን ስላልጣለ ብቻ ከሌላ ቅርስ ጠባቂ ጋር ሊዛመድ አይችልም። ይሁን እንጂ ምልክቱ የጠፋውና የቀረው በዘፈቀደ አይደለም፤ የቀረው ክስታኔ፣ ዶቢና ሙኸር በሚነገሩበት በሰሜኑ ወገን ነው። ቅርስን የሚያጸናውም ጎረቤት ነው። ሙኸር ከክስታኔና ከዶቢ ጋር መነጋገሩን ባይቀጥል ኖሮ ምልክቱን ይዞ ይቆይ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሄትስሮን ዛፍ ሙኸር ላይ ሲደርስ የሚቸገረው ዛፍ አንድ ነገር ብቻ ስለሚያውቅ ነው፤ መለያየትን። ቅርንጫፍ ከተለያየ በኋላ ተመልሶ አይገናኝም። የጉራጌ ሕዝብ ግን ተለያይቶ ተራርቆ የኖረ አይደለም፤ እንሰት እየተከለ፣ በጀፎረ (በመንደሩ ሰፊ አውራ ጎዳና) ዙሪያ መንደር እየሠራ፣ እየተጋባና እየተዋጋ ጎን ለጎን የኖረ ነው። ዊልያም ሻክ በ1966 ስለ ጉራጌ ሲጽፍ የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ የሰየማቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌስላውም በ1952 በጉራጌ ቋንቋዎች ላይ የሲዳማ ቋንቋዎችን ተጽዕኖ ለብቻው አጥንቷል። ስልጥኛ ከአማርኛ ጋር በአንድ ክንፍ ይሁን እንጂ አናባቢዎቹ አምስት አጭርና አምስት ረጅም ሆነው መሰለፋቸው ጎረቤቱን ሃዲይኛን ያስታውሳል እንጂ አማርኛን አይደለም። መስመስ ደግሞ የምዕራብ ጉራጌ ዘመድ ሆኖ ሳለ ተናጋሪዎቹ በሃዲያ መሃል ቀስ በቀስ ወደ ሃዲይኛ ተሻግረው ዛሬ የሚናገረው የለም። የዘር ሐረግ ድር ነው፤ ጉርብትና ማግ ነው። ሄትስሮን ድሩን በብልኃት አሳየን፤ ጋቢውን ግን ማግ ሳይታይ ሊገልጽ ሞከረ።

ይህ ችግር የጉራጌ ብቻ አይደለም። ከ800 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩበት በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ በተለይም በከፍተኛው ተራራማ አገር፣ ተመሳሳይ ክርክር ለብዙ ዓመታት ተካሂዷል። ስቲቨን ዉርም በ1970ዎቹ አብዛኞቹን በአንድ ትልቅ ቤተሰብ ሰበሰባቸው፤ ማልኮም ሮስ በኋላ ተውላጠ ስሞችን ብቻ ዋና መመዘኛ አድርጎ ብዙዎቹን አስወጥቶ ቤተሰቡን አጠበበው። እዚያም መንደር ከመንደር በቋንቋ የሚለይ፣ ግን የሚጋባና የሚነጋገድ ሕዝብ ስለሆነ የቃላት መመሳሰል ዝምድናን ይሁን ጉርብትናን መለየት ይከብዳል። በአገራችንም በደቡብ ኦሞ፣ በወይጦ ወንዝ ዳር ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ የሚያስታውሱት ኦንጎታ አለ። ሃሮልድ ፍሌሚንግ ራሱን የቻለ የአፍሮ እስያ ቅርንጫፍ ነው አለ፤ ግራትሲያኖ ሳቫና ማውሮ ቶስኮ የምሥራቅ ኩሽ ቋንቋ ነው አሉ፤ ቫትስላቭ ብላዤክ ወደ ናይሎ ሰሃራ ወሰደው። የኦንጎታ ክርክር መረጃ በማነሱ የተፈጠረ ነው። የጉራጌ ክርክር ግን ተቃራኒ ነው፤ መረጃው ሞልቷል፣ ያስቸገረው መረጃው ራሱ ሁለት አቅጣጫ ማመልከቱ ነው። ስለዚህም የጉራጌ ጉዳይ ለዘዴው ራሱ ከኦንጎታ የተሻለ ፈተና ነው።

የአፍ ታሪክንም መስማት ይገባል። ብዙ የክስታኔና የሰባት ቤት ሽማግሌዎች አባቶቻቸው በ14ኛው ምዕተ ዓመት በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ከሰሜን፣ በአከለ ጉዛይ ካለችው ከጉራ፣ በአዝማች ስብሐት መሪነት እንደ መጡ ይተርካሉ። በስልጤ በኩል ደግሞ የዘር ሐረጉ ወደ ሐረር፣ ወደ ሐጂ አልዬ ይወጣል። የሐረሩ ትውፊት ከቋንቋው ማስረጃ ጋር በሚያስገርም ሁኔታ ይስማማል። የጉራው ትውፊት ግን በቋንቋ አይደገፍም፤ ከጉራጌ ቋንቋዎች አንዱም ከትግርኛ ጋር የተለየ ዝምድና የለውም። ይህ ማለት ግን ሽማግሌዎቹ ተሳስተዋል ማለት አይደለም። ወታደርና ካህን ሆኖ የሰፈረ ቡድን መሪነትን፣ የዘር ሐረግንና የመጣበትን ስም ትቶ ሊያልፍ፣ ቋንቋውን ግን ከሰፈረበት ሕዝብ ሊወስድ ይችላል። ጋፋት ከክስታኔ ጋር መዛመዱ ደግሞ በአባይ ወዲህና ወዲያ የተዘረጋ ከዓምደ ጽዮን ዘመን ቀድሞ የነበረ የቋንቋ አገር እንደ ነበረ ያመለክታል። ሌስላው በ1947 ጎጃም ውስጥ ጋፋትኛ የሚያውቁ አራት ሰዎች ብቻ ነበር ያገኘው። ያን ጊዜ ባይደርስ ኖሮ ይህ ሰንሰለት ከሄትስሮን ዓይን ተሰውሮ በቀረ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ መንግሥት ጉዳይ ይሻገራል፤ ስሜቱ የሚግለውም እዚህ ነው። በ1987 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የሰባት ቤት ጉራጌን፣ የሶዶ ጉራጌንና ስልጤን ለየብቻ መዘገበ። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ቆጠራ ግን ሰባት ቤትና ሶዶን «ጉራጌ» በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ ስልጤን ብቻውን አቆመ። በመሃሉ፣ በ1993 ዓ.ም.፣ የስልጤ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ ራሱን የቻለ ማንነት እንዳለው መርጦ የራሱን ዞን አግኝቷል። በዚያ ወቅት የቋንቋ ዝምድና በሁለቱም ወገን መከራከሪያ ሆኖ ቀርቦ ነበር። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሚያነሣው ቅሬታም ከዚህ የመጣ ነው፤ «ሊቃውንት ከውጭ መጥተው አንድ ሕዝብ ከፋፈሉ» ይባላል። ቅሬታውን አቃልሎ ማየት ስሕተት ነው፤ ለዘመናት በአንድ ስም የተጠራ፣ መርካቶ ላይ ተደጋግፎ የቆመ፣ ከአለም ገና ጀምሮ በራሱ መዋጮ መንገድ የሠራ ሕዝብ የጋራ ስሙን ሲያጣ ሊሰማው የሚችለው ይታወቃል። ይሁንና መልሱ ከሕገ መንግሥቱ ከራሱ ይገኛል። አንቀጽ 39 ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ ለመባል የሚጠይቀው የጋራ ባህልን፣ የሚግባቡበትን ቋንቋ፣ የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና አለን ብሎ ማመንን፣ የሥነ ልቦና አንድነትንና የተያያዘ አገርን ነው። የቋንቋ የዘር ሐረግ በዝርዝሩ የለበትም። ሄትስሮን ስልጥኛን ከሐረሪ ጋር ያስቀመጠው የስልጤ ሕዝብ ድምፅ ከመስጠቱ 29 ዓመት በፊት ነበር፤ ግኝቱ ለድምፁ አላስፈለገም፣ ድምፁም ግኝቱን አላረጋገጠም። ቸሃና ሙኸር በአንድ ዛፍ ሥር በመቀመጣቸው ጉራጌ አይሆኑም፤ ስልጤም በሌላ ዛፍ ሥር በመቀመጡ ጉራጌ መባሉን አላጣም። ያን የወሰነው ሕዝቡ ነው።

የስያሜው መደበላለቅ ግን ሊታረም ይገባል። በቋንቋ ጥናት «ምሥራቅ ጉራጌ» ሲባል ስልጢ፣ ወለኔና ዛይ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ግን ቡታጅራን መቀመጫው ያደረገው ምሥራቅ ጉራጌ ዞን ተዋቀረ፤ በውስጡ የሚነገሩት በዋናነት መስቃንኛና ክስታንኛ ናቸው፤ ሁለቱም በቋንቋ ጥናቱ ምሥራቅ ጉራጌ አይደሉም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የድሮውን ጽሑፍ ይዞ ቡታጅራ ቢወርድ ፍጹም ሌላ ቋንቋ ነው የሚጠብቀው። ተመራማሪዎቻችን የአቅጣጫ ስሙን ትተው ሕዝቡ በሚጠራበት ስም፣ ስልጥኛ፣ ወለኔኛና ዛይኛ እያሉ ቢጽፉ ብዙ ጥያቄ ከሥሩ ይቀላል።

በቅርቡ የመጡት የቁጥር ዘዴዎች ምን አከሉ? አንድሩ ኪችንና ባልደረቦቹ፣ ሺፈራው አሰፋን ጨምሮ፣ በ2009 በወጣ ጥናታቸው 25 ሴማዊ ቋንቋዎችን በኮምፒውተር ስሌት አነጻጽረው ሴማዊ ቋንቋ ወደ አፍሪካ ቀንድ የገባው ከዛሬ 2800 ዓመት ገደማ በፊት በአንድ ጊዜ ነው ብለው ገመቱ። ለትልቁ ሥዕል ይጠቅማል። ነገር ግን የመዘኑት የቃላት ዝርዝር ብቻ ነው፤ ቃላት ደግሞ ድሩን ብቻ ሳይሆን ማጉንም ያሳያሉ። ሊዮኔል ቤንደር በ1971 የኢትዮጵያን ቋንቋዎች በቃላት ቆጠራ ሲመድብ የመወራረስን ችግር በርእሱ ላይ ሳይቀር ማንሣቱ ስለዚህ ነው። ለእኔ ትልቁ እርምጃ ሌላ ነው። ተካበ ለገሰ ፈለቀና ሁለት ባልደረቦቹ በ2020 ባወጡት ጥናት የደቡብ ኢትዮጵያ ሴማዊ ቋንቋዎችን ርቀት በሦስት መንገድ ለየብቻ ለክተዋል፦ በድምፅና በቃል ልዩነት፣ ተናጋሪዎች ሲያዳምጡ ምን ያህል እንደሚረዱ፣ እና ተናጋሪዎቹ ራሳቸው የሌላውን ንግግር ምን ያህል ቅርብ ወይም ሩቅ ነው ብለው እንደሚገምቱ። ሦስቱን በአንድ ላይ ጨፍልቆ አንድ መልስ ከመፈለግ ይህ ይሻላል፤ የሙኸር ዓይነት መሃል ላይ የቆመ ቋንቋም በልኩ የሚታየው በዚህ ዓይነት ልኬት ነው።

አንድ የመጨረሻ ተቃውሞ ይቀራል። ቅርንጫፍ መለየት ካልተቻለ፣ ልጆች በምን ቋንቋ ይማሩ? መጽሐፍ በምን ይታተም? «ሁሉንም የሚያቅፍ አንድ የጽሑፍ ጉራጊኛ ይፈጠር» የሚሉ አሉ፤ «የቸሃው ብዙ ስለተጻፈበት እሱ ይሁን» የሚሉም አሉ። ቸሃ በእርግጥ ቀደምት ነው፤ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፈውን ልቦለድ ሌስላው ተርጉሞ በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አሳትሞታል። ነገር ግን አንድ ቋንቋ በሰንሰለት ላይ ያሉትን ሁሉ ሊወክል አይችልም። ቸሃን ለእዣ ልጅ ማስተማር ቀላል ነው፤ ለሙኸር ልጅ ትንሽ ይከብዳል፤ ለክስታኔ ልጅ ግን ከአማርኛ የማይተናነስ ሌላ ቋንቋ ማስተማር ይሆናል። ውሳኔው መግባባትን በመለካትና ወላጆችን በመጠየቅ ሊሰጥ ይገባል፤ ከዛፍ ሥዕል ሊቀዳ አይችልም። በሰንሰለቱ ላይ ሁለት ወይም ሦስት የጽሑፍ ማዕከል ቢኖር የሚጎዳ ነገር የለም፤ የእያንዳንዱ መማሪያ መጽሐፍ ለጎረቤቱ እንዲነበብ ተደርጎ እስከ ተዘጋጀ ድረስ።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ በአብዛኛው ተዘጋጅቷል። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የወጣው 14ኛው የዩኒኮድ እትም ለጉራጌ ቋንቋዎች 28 አዳዲስ የግእዝ ፊደል ቅርጾችን አካትቷል፤ በከንፈር ክብ ተደርገው ወይም ወደ ላንቃ ተስበው የሚነገሩ፣ በነባሩ ገበታ ቦታ ያልነበራቸው ድምፆች ናቸው። የጎደለው ማጥበቅን በምልክት የመጻፍ ልማድ ነው። የግእዝ ፊደል «በ» ስትጠብቅና ስትላላ አይለይም፤ አማርኛ አንባቢ በልማድ ያውቀዋል። ለሙኸርና ለእዣ ግን ማጥበቅ ከቸሃ የሚለያቸው አንዱ ዋና ነገር ነው። በጋራ ፊደል የሚጻፍ መጽሐፍ ማጥበቁን ካልጻፈ፣ «ሰፐረ»ን የእዣ ልጅ በእዣ፣ የቸሃ ልጅ በቸሃ ያነበዋል፤ ሁለቱም ትክክል ይሆናሉ። ይህ ለአንባቢው ነፃነት ይሰጣል። ለተመራማሪው ግን ያንኑ ልዩነት ከገጹ ላይ ያጠፋበታል፤ ስለዚህ መማሪያ መጽሐፍ ያለ ምልክት፣ መዝገበ ቃላት ደግሞ ከምልክት ጋር መታተም አለባቸው።